በገዛ አገሬ የማን እንግዳ ነኝ?

«አይዞሽ ልጄ። ነጃሺ ተቀብሎ አኑሯችኋል። እኛም እንግዳ አናስቀይምም።»

እንዲህ ያሉኝ ዘጌ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ የክፍል ልጆች ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ሄደን ነበር። ጓደኞቼ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው የግድግዳውን ሥዕል ሲያዩ እኔ ከቅጥሩ ውጭ፣ የቡናው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ግቢ አሉኝ እንጂ የከለከለኝ አልነበረም፤ መቅረቱን የመረጥኩት እኔው ነኝ። አባባ ሒጃቤን አይተው፣ ብቻዬን መቀመጤም አሳዝኗቸው መሰለኝ፣ ቀረብ ብለው አጠገቤ አረፍ አሉ። አገሬን ጠየቁኝ። ደሴ አልኳቸው። ስለ ቤተሰቦቼ ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልኳቸው። ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ነው ያን ቃል የተናገሩት።

ክፋት የለባቸውም። ፊታቸውን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። «አላህ ይስጥልኝ አባባ» ብዬ ሎሚውን ተቀበልኩ፤ ልጆቹም ወጡና ሄድን። ጀልባው ወደ ከተማ ሲመለስ ሁሉም ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። እንግዳ? የማን እንግዳ? ሰድበውኝ ቢሆን ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር። በፍቅር የተነገረ ነገር ግን ያስቸግራል፤ ሰው የቱ ጋ እንደሚቆጣ አያውቅም። ቃሉ ዶርም ድረስ አብሮኝ መጣ፤ ከዚያም ወራት ሙሉ አልለቀቀኝም።

አያቴ ከመካ አልመጣችም

የነጃሺን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አልደግመውም። ሲተረክ ሁልጊዜ የሚዘለል ነገር ግን አለ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ615 ገደማ ከመካ ሸሽተው የመጡት ሰሓቦች፣ የነቢዩ ባልደረቦች፣ በእርግጥ እንግዶች ነበሩ። እንግድነታቸው አብቅቶም አብዛኞቹ ተመለሱ። ንጉሡ ፊት ሱረቱ መርየምን ያነበበው ጃዕፈር ራሱ የመጨረሻዎቹን ስደተኞች ይዞ በ628 መዲና ገብቷል። ደሴ ያለችው አያቴ ግን ከመካ አልመጣችም። አባቷ የወሎን መሬት ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው፤ አያቷም እንደዚያው። እምነት ተቀበሉ እንጂ አገር አልቀየሩም።

ደግሞስ የሐበሻና የእስልምና ነገር የተጀመረው በስደቱ ነው ያለው ማነው? ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው የተንከባከበቻቸው ኡሙ አይመን የሐበሻ ሴት ነበረች። ቢላል የሐበሻ ልጅ ነው። እስልምና ገና የጥቂት ሰዎች እምነት በነበረበት ሰዓት የእኛ ሰው እዚያ ውስጥ ነበረ። ይህን ስናገር ለመፎከር አይደለም። የነጃሺ ደግነት በእኛ ላይ እንደ ብድር ሲቆጠር ስለምሰማ ነው። ደግነቱ እውነት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ፤ ምክንያቱም ነጃሺ የእኔም ንጉሥ ነው። ተቀባዩ ውስጥ እኔም አለሁበት። ይሄ ነው ለአባባ ልነግራቸው ፈልጌ ያልነገርኳቸው።

ከእኔ በፊት ይህን የተናገሩ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሰልፍ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን የሚል ነበር። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ዒዶቹና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ፤ አዋጁም ሕገ መንግሥቱም ተቀየረ። ንግግራችን ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል።

ለምን ይህን ያህል ይከነክንሻል የሚሉኝ አሉ። አንዲት ቃል ናት፣ እለፊያት ይሉኛል። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት» ይላል የአገሬ ሰው። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እንግድነት በባለቤቱ ስሜት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ደስ ሲለው ወርቅ ያደርግሻል፣ ሲከፋው ደግሞ ብረት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ውስጥ ሊቀብሩ የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ። በዚያው ሳምንት ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ እዚያ ደግሞ እንግዳ የተደረገው ክርስቲያኑ ነው። ጥር 2017 አክሱም ላይ ሙስሊም ተማሪ እህቶቼ በሒጃባቸው ምክንያት የፈተና ምዝገባ አለፋቸው። ቦታው ይለያያል፣ ሰዎቹም ይለያያሉ። በሁሉም ቦታ ግን አንዱ ወገን ራሱን ባለቤት፣ ሌላውን አስጠጊ ያገኘ ሰው አድርጎ አይቷል። ያ አስተያየት የሚጀምረው ደግሞ በእሳት አይደለም። በደግ አፍ ነው የሚጀምረው።

ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት

የአያቴ ታናሽ እህት ክርስቲያን ነች። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሰርግ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይጣዳል። ልጆች ሆነን የእኛን ድስት ትጠብቅ የነበረችው እሷ ነበረች፣ ክርስቲያኗ። ማንም በስህተት የዚያኛውን ማማሰያ እዚህ እንዳይከት በርጩማ ስባ ምድጃው ዳር ትቀመጣለች። ክዳኑን ከመክፈቷ በፊት እጇን ትታጠባለች። አንዴ የአጎቴ ሚስት የተሳሳተ ጭልፋ ይዛ ስትመጣ ከሩቅ ጮኻ አስቆመቻት። «ይሄ ድስት የእስላሞቹ ነው! ጭልፋውን መልሺው!» ብላ።

ወሎ የፍቅር አገር ነው ሲባል ደስ ይለኛል፤ እውነት አለው። ግን ብዙ ሰው ፍቅሩን የሚያስበው እንደ መርሳት ነው። ማን ሙስሊም፣ ማን ክርስቲያን እንደሆነ የማይታወቅበት፣ ሁሉ ነገር የተደባለቀበት አገር አድርጎ። እኔ ያደግሁበት እንደዚያ አይደለም። ሁሉም ሰው የሌላውን ሕግ አብጠርጥሮ ያውቃል። አውቆም ይለፋለታል። የአያቴ እህት የምታምነው ሌላ ነው፤ የእኔ ሆድ ሐራም እንዳይገባበት ግን ከእኔ በላይ ትጨነቃለች።

እዚህ ባሕር ዳር ስመጣ ሌላ ዓይነት ፍቅር አጋጠመኝ። «እኛ ጋ ሃይማኖት አይታይም፣ ሁላችንም ተማሪ ነን» የሚል። ልጆቹ ከልባቸው ነው የሚሉት። ግን የአንዷ ልደት ሲደርስ ክትፎ ቤት ይመረጣል፤ እኔ ሚሪንዳ ይዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ለምን አትበይም ተብሎ ይጠየቃል፤ ስመልስ ደግሞ «አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ» ይመጣል። ሃይማኖት አይታይም ሲባል ብዙ ጊዜ የማይታየው የእኔው ነው። የብዙኃኑ ስለለመደ አይታወቅም፤ አየሩ ውስጥ አለ።

ከዚህ ያወጣን ዓሣ ነው። እውነቴን ነው። ዓሣ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም። ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ገብተን ቆሮሶ እናዛለን። ጀርባው በቢላ ተሸነታትሮ፣ ክንፉ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይመጣል። የሁላችንም እጅ ይገባበታል። አጥንቱን እየለየች ለእኔ የምታቀብለኝ ልጅ አለች፤ ዓሣ መብላት የተማርኩት እዚህ ስለሆነ። ደሴ ላይ ዓሣ ብዙም አናውቅም። ጣና ለዚህች ከተማ ከሰጣት ነገር ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ትሪ ነው።

ጾሙም እንዲሁ አገናኝቶናል። በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን ጀመሩ። በ2017ም ተደራረቡ፤ ሑዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። በነዚያ ሳምንታት የሥጋው ጣጣ ጠፋ። ሽሮውም ምስሩም የጋራ ሆነ። የዶርም ጓደኛዬ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ እስከ መግሪብ እንቆያለን። «ሃይማኖት አይታይም» ከሚሉት አይደለችም። የራሷን ጸሎት አታስታጉልም፤ የእኔንም እንዳላስታጉል ትከታተለኛለች። ሱሁር፣ የሌሊቱ ምግብ፣ እንዳያመልጠኝ በራሷ ስልክ አላርም ሞልታ ስትቀሰቅሰኝ ነበር። ተነስቼ ውሃ መጠጣቴን ሳታይ አትተኛም። እሷ ዘንድ እንግዳ ሆኜ አላውቅም።

የበሩ ጉዳይ

ፖለቲካ ውስጥ አትግቢ ይለኛል አባቴ በስልክ። ግን ፖለቲካው ነው ዶርም ድረስ የሚመጣው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልሉ ጦርነት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን ነገር እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ መንገድ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ከመሸ ባጃጅ አይገኝም። ይህ ጦርነት የሃይማኖት ጦርነት አይደለም። የጓደኛዬ እናት ስልክ ሳታነሳ ስትቀር አብረን ነው የምንደነግጠው። መንገድ ሲዘጋ እሷም ማርቆስ፣ እኔም ደሴ አንሄድም።

ለእኔ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጊቢ ውስጥ ተሰብስቦ መስገድ አይፈቀድም። በሰላሙ ጊዜ ችግር አልነበረም፤ ከበር ወጣ ብለን መስጊድ ሰግደን እንመለሳለን። ተኩስ በሚሰማበት ምሽት ግን በሩ ይዘጋል። በረመዳን ዒሻና ተራዊሕ፣ የማታዎቹ ስግደቶች፣ ቀሩብን ማለት ነው። በሁለት አልጋ መካከል ያለችውን ክፍተት ሻንጣ ገፍቼ አሰፋታለሁ፤ ሱጁድ ስወርድ ግንባሬ የአልጋውን ብረት ይታከካል። አላህ ይቀበለኝ እንጂ ቅር አይለኝም። ቅር ያለኝ ጉዳዩን ስናነሳ የተሰጠን መልስ ነው። «አገሪቱ ሴኩላር ናት፤ አንቀጽ 11ን አንብቡ» ተባልን።

አንብበነዋል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ጥሩ ነገር ነው። መንግሥት የእኔን ሃይማኖት ደግፎ የሌላውን እንዲጫን አልፈልግም፤ መንግሥት የያዘው ሃይማኖት መጨረሻው አያምርም። ግን ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ ሰው ሃይማኖቱን ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ የመተግበር መብት አለው ይላል። 11ን በቃላቸው የያዙ ሰዎች 27 ላይ ሲደርሱ ገጹን ይገለብጣሉ። እኛ የጠየቅነው መስጊድ ይሠራልን ብለን አይደለም። በሩ በሚዘጋባቸው ምሽቶች አንድ ባዶ ክፍል ይከፈት፤ የሚሰግድም የሚጸልይም ተራ ይዞ ይጠቀምበት። የመዝሙር ልጆችም እኮ እንደኛው በር ላይ ይመለሳሉ። ይህን ስንል «አጀንዳ አላችሁ» የሚል መጣ። መብት የጠየቀ ሰው አጀንዳ ያለው የሚመስለው እንግዳ ነው ተብሎ ሲታሰብ ብቻ ነው። ባለቤት ሲጠይቅ ጥያቄ ይባላል።

በአረፋ ማን ይጾማል?

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ስለተደረገብን ነገር ነው። በ2017 አረፋ ያየሁት ነገር ግን ሐሳቤን ሌላ ቦታ ወሰደው።

ጀመዓው፣ የሙስሊም ተማሪዎቹ ማኅበር፣ ገንዘብ አዋጥቶ ለኡድሒያ፣ ለአረፋ እርድ፣ ከብት ገዛ። በዒዱ ማግስት ሥጋውን በፌስታል መድበን ሐይቁ ዳር ወዳለው የነገደ ወይጦ ሰፈር ሄድን። ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቃቸዋል፤ ወይም የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ጣና ላይ የምናያትን የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሐይቁ ዳር ብዙ ዘመን የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሙስሊም ናቸው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ይጸየፋቸዋል። ይህ ይታወቃል። ሙስሊሙም ይጸየፋቸዋል፤ ይህንን ግን እኛ አንናገረውም። አልተጋባናቸውም፣ ቤታቸው አልበላንም። የጉማሬው አደን ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ መጸየፉ ግን አልቀረም። መንገድ ላይ አንዷ እህት ዝቅ ባለ ድምፅ «ግን ይሰግዳሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

አንድ ደጃፍ ላይ እናት ተቀምጠዋል። እግራቸውን ዘርግተው ደንገል እየሰነጠቁ ነው፤ ቅርጫት ሊሠሩበት። የአውራ ጣታቸው ጫፍ ተሰነጣጥቆ ጠቁሯል። ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አላህ ይቀበላችሁ፣ አላህ ለከርሞ ያድርሳችሁ» አሉ። ልንሄድ ፊታችንን ስናዞር «ተቀመጡ እንጂ፣ ቡና ላፍላ» አሉን።

ያቺው እህት ፈጠን ብላ «ጾመኛ ነኝ እማማ» አለች።

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። «በአረፋ ማን ይጾማል ልጄ?»

ዝም አልን። በአረፋ ዒድ ቀንና ከእሱ ቀጥለው ባሉት ሦስት ቀናት መጾም አይፈቀድም። ማንኛዋም ቁርአን ቤት የዋለች ልጅ ታውቀዋለች። ይሰግዳሉ ወይ ተብሎ የተጠየቀላቸው ሴትዮ ሕጉን ያወቁት ከኛ ቀድመው ነው። «በየዓመቱ ሥጋ ታመጣላችሁ። አላህ ይስጣችሁ፣ እኔ አልከፋኝም» አሉ ደንገሉን ወደ ጎን እያደረጉ። «ከዚህ ቤት ቡና ጠጥቶ የሄደ ግን የለም።»

ድምፃቸው አልጨመረም። አላለቀሱም። እንዲሁ ነው የተናገሩት፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ። ከመካከላችን ገሚሱ «ሌላ ቤት ይቀረናል» ብሎ ሄደ። ጥቂቶቻችን ተቀመጥን። እማማ ሲኒዎቹን አወጡና ከፊታችን፣ እኛ በምናይበት፣ በንጹሕ ውሃ አጠቧቸው። ከዚያ ውሃውን ደፍተው እንደገና አጠቧቸው። ሁለተኛው ለሲኒው አልነበረም፤ ለእኛ ዓይን ነበር። ያኔ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሴትዮዋ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ሐይቃቸው ዳር፣ ንጹሕ መሆናቸውን ለእኔ ማስመስከር ነበረባቸው። እኔ ማን ነኝና?

ቡናው ሲፈላ ስለ ሐይቁ አወሩን። ደንገል ለማግኘት አሁን ሩቅ መሄድ አለ፤ ዳርቻው ታርሷል፣ ውሃውም እንደ ድሮው አይደለም። እምቦጭ ታንኳ አያሳልፍም። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ እማማ ግን ስለዚህ የነገራቸው ሰው የለም። ከተማው ሲያድግ ሐይቅ ዳር ያለው መሬት ውድ ሆነ፤ እነሱ ደግሞ መሬቱን የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እዚህ ተረት አይደለም። አባይ የሚወጣበት ሐይቅ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ነው የሚቸገሩት። ሦስተኛውን ሲኒ፣ በረካውን፣ ጠጥተን ነው የተነሳነው።

ሰጪና ተቀባይ

ማታ ዶርም ገብቼ ስገላበጥ ዘጌ ያሉት አባባ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ለእኔ ሎሚ ሰጡኝ። እኛ ለእማማ ሥጋ ሰጠን። ሁለቱም ደግነት ነው። በሁለቱም ቦታ ግን ሰጪው ባለቤት ሆኖ፣ ተቀባዩ እንግዳ ሆኖ ቀረ። መስጠት ቀላል ነው እኮ። ሰጥተሽ ስትሄጂ ከፍታሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ከባዱ ከሰው እጅ መቀበል ነው፤ ቤቱ ገብቶ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ሲኒው ላይ ከንፈር ማሳረፍ። እስካልተቀበልሽለት ድረስ እኩያሽ አላደረግሽውም።

ይህን ስል ሁለቱን በደል እኩል እያደረግሁ አይደለም። አንድ አይደሉም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ቅሬታ ሲኖረኝ መጅሊስ አለ፣ የሚጮህልኝ ሰው አለ፣ ሞጣ ሲቃጠል አገር ሁሉ ሰምቷል። የነገደ ወይጦ እናት ከሐይቁ ዳር ስትገፋ ማን ሰማ? ማን ሰልፍ ወጣ? እኛ «ፍትሕ» ስንል ድምፃችን ትልቅ ነው፤ የራሳችን ጀመዓ ውስጥ «ጾመኛ ነኝ» ሲባል ግን ዝም አልን። ነቢያችን በመሰናበቻ ኹጥባቸው ዐረብ ከዐረብ ባልሆነው፣ ነጭም ከጥቁሩ አይበልጥም፤ መበላለጡ አላህን በመፍራት ብቻ ነው ብለዋል። ይህንን ለሌላው ስንጠቅስ እናምርበታለን።

ያቺን እህት በማግስቱ አነጋገርኳት። ልትሸሽ አልሞከረችም። «እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ከነሱ ቤት እንዳትቀምሺ ስትለኝ አድጌያለሁ። ልጠጣ ብዬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ» አለችኝ። አመንኳት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥጋውን ስትመድብ የተሻለውን ብልት ለነሱ ሰፈር የለየችው እሷ ነበረች። አባባም ክፉ ሰው አይደሉም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስጨንቀኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይፈረድበታል፣ ይታሰራል። ደግ ሰው አፍ ውስጥ ያለውን «እንግዳ» የትኛው ፍርድ ቤት ያወጣዋል? የአያቴ እህት ምድጃው ዳር ያደረገችው ዓይነት ነገር ካልሆነ በቀር መድኃኒት አይታየኝም። ሕግ አንዱን ክፍል ሊያስከፍት ይችላል፤ ማስከፈትም አለበት። ሲኒውን ማንሳት ግን የእጅ ሥራ ነው።

የተሰረዙት መስመሮች

ሰሞኑን የተማሪዎች የመቻቻል መድረክ ይዘጋጃል ተባለና እኔ እንድናገር ጠየቁኝ። ሒጃብ ያደረገች፣ የወሎ ልጅ፣ አማርኛዋ ጥሩ የሆነች ፈልገው ነው፤ ይህንን ራሳቸው ነገሩኝ። ስለ ነጃሺ እንድናገር ነው የፈለጉት። ጽፌ ሰጠኋቸው። ነጃሺ አለበት። የአያቴ እህት ድስትም አለበት። ሞጣና ጎንደር፣ ወራቤም አሉበት። የነገደ ወይጦ ሰፈርም አለበት፤ የኛው የሙስሊሞቹ ጥፋት ጭምር።

ሲመልሱልኝ ነጃሺና ድስቱ ቀርተዋል፤ ሌላው በእስክሪብቶ ተሰርዟል። «ቁስል መነካካት ነው፣ ጊዜውም አይደለም፣ በዚህ ጦርነት መሃል ሰው አታስቆጪ» አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። ከተማው የሚኖረው በጭንቀት ነው፤ አንዲት ቃል የት እንደምትደርስ አይታወቅም። ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»። ሞጣ ላይ መስጊዱ የተቃጠለበት ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ነጃሺ ብቻ ሲሰማ ምን ይለኛል? ወራቤ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበትስ? ተቻችለን እንኖራለን ስል ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ አያምኑኝም። የሆነው ነገር በስሙ ሳይጠራ የሚደረግ ንግግር ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

ስለዚህ መልሴን ነግሬያቸዋለሁ። አራቱ ቦታዎች በስማቸው ካልተጠሩ ሌላ ተናጋሪ ይፈልጉ። ለነጃሺ የተመደበልኝንም ደቂቃ ከነገደ ወይጦ ለመጣች ልጅ ይስጡልኝ፤ ስለ ራሷ ሰፈር እኔ ሳልሆን እሷ ትናገር። ተመካክረን እስከ ሐሙስ እናሳውቅሻለን ብለውኛል።